«አባቴ ማሽን ላይ ነው፤ አጎቴ ‹አልቆለታል› ይላል»

ጥያቄ፦

«የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ሁለቱንም ሳንባውን የያዘ ከባድ የሳንባ ምች ታሞ ወደ ሐረር ሪፈር ተጻፈለት። እዚያ አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ገብቶ በአፉ ቱቦ ተደርጎለት የመተንፈሻ ማሽን ላይ ነው፤ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ። እጆቹን በጨርቅ አስረውታል። አንዳንዴ ስንገባ ከዓይኑ እንባ ይወርዳል። ሲስተሯ አክታ ስትመጥለት ያስለዋል፣ ፊቱን ያጨማድዳል። ማሽኑ በየደቂቃው ይጮሃል። አሁን ሐኪሞቹ አንገቱ ላይ ቀዳዳ ሠርተን ቱቦውን በዚያ እናድርግለት፣ ፈርሙ አሉን። አጎቴ ‹ሰውዬው አልቆለታል፣ የሚተነፍሰው ማሽኑ ነው፤ አታሰቃዩት፣ ወደ ቤቱ እንውሰደው› ይላል። ወንድሜ ደግሞ አዲስ አበባ ካልሄደ ብሏል። እኔ መብራት ቢጠፋስ እያልኩ ሌሊቱን አልተኛም። አባቴ ጫት ይቅማል፤ ለሐኪሞቹ አልነገርናቸውም፣ መንገር ነበረብን?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከአጎትሽ ልጀምር። ቤተሰቡን የከፈለው የእሳቸው ቃል ሳይሆን አይቀርም፤ መልሱ ደግሞ አንቺው በጻፍሽው ውስጥ አለ።

ማሽን ላይ ያለ ሰው አንጎሉ ሞቷል የሚባለው ሐኪሞች የታወቁ ምርመራዎችን ተራ በተራ አድርገው ከአንዱም ምላሽ ሲያጡ ነው። ብርሃን ሲበራበት የዓይኑ ብሌን አይጠብም። ዓይኑ ሲነካ አይርገበገብም። አክታ የሚመጠጥበት ቀጭን ላስቲክ በቱቦው ውስጥ ወደ ታች ሲወርድ አያስለውም። ከማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ ሲላቀቅም ደረቱ አይነሳም። አባትሽን ግን ያስላቸዋል፣ ፊታቸውንም ያጨማድዳሉ። ሳልን የሚያዝዘው የአንጎል ግንድ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ያለው ክፍል ሥራ ላይ ነው። ይድናሉ ብዬ ዋስ ልሆንሽ አልችልም፤ ማሽን ላይ ያደረሰ የሳንባ ምች በ61 ዓመት ቀላል በሽታ አይደለም። «አልቆለታል» የሚለው ግን በጻፍሽው ነገር ሲመዘን ልክ አይደለም።

«የሚተነፍሰው ማሽኑ ነው» የሚለውም ቢሆን ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ማሽኑ አየር ይገፋል እንጂ ልብን አያስመታም፤ የልብ ትርታቸው የራሳቸው ነው። ትንፋሹን እንኳ ብዙ ጊዜ የሚያስጀምሩት ራሳቸው ናቸው። ሐኪሙ በደቂቃ 16 ትንፋሽ ብሎ ሞልቶት ማሽኑ ላይ 22 የሚል ካየሽ፣ እሳቸው አየር እየሳቡ ማሽኑ እየተከተለ ያግዛቸዋል ማለት ነው።

አሁን ስለ ቱቦው። ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ የውስጥ ስፋቱ ለአዋቂ ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በአፍ ገብቶ በሁለቱ የድምፅ አውታሮች መካከል ያልፍና ዋናው የአየር ቧንቧ ውስጥ ይቀመጣል። አባትሽ ዓይናቸውን ገልጠው እንኳ አንዲት ቃል የማይወጣቸው ለዚህ ነው፤ አየሩ በድምፅ አውታሩ አያልፍም። ምላሳቸው ተያዘ፣ ስትሮክ መታቸው ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ቱቦው ላይ ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ ለወንድ አብዛኛውን ጊዜ 23 አካባቢ ያለው ከከንፈሩ ጋር ይገጥማል። ነርሶቹ በየፈረቃው ያንን ያያሉ፤ ቁጥሩ ከተለወጠ ቱቦው ወደ ውጭ ተንሸራቷል ወይም ጠልቋል። ከአፋቸው ጎን ተንጠልጥላ የምታዪያትን ትንሽ ፊኛ ማንም እንዳይነካት። ከውስጥ፣ የአየር ቧንቧው ላይ፣ አየር እንዳያመልጥና ምራቅ ወደ ሳንባ እንዳይወርድ የሚዘጋ ሌላ ፊኛ አለ፤ የውጭዋ የእሱን መነፋት የምታሳይ ናት። ለማወቅ ብሎ የጨመቃት አስታማሚ አይቼ አውቃለሁ።

ቤተሰብ ሁሉ የሚጠይቀኝ «ቱቦው መቼ ይወጣል?» ብሎ ነው። እኔ ብሆን የምጠይቀው «ቱቦውን ያስገባው ነገር እየተሻለ ነው ወይ?» ብዬ ነበር። ማሽኑ የሳንባ ምች አያድንም። ምርኩዝ የተሰበረ እግር እንደማይጠግን ሁሉ፣ ማሽኑም ሰውነቱና አንቲባዮቲኩ ሥራቸውን እስኪሠሩ ደግፎ ያቆያል። ሳንባው ካልተሻለ ቱቦውን ማውጣት መልሶ ማስገባትን መጥራት ነው።

መሻሉን በምን ታውቂያለሽ? ማሽኑ ፊት ቆመሽ ሃያውን ቁጥር አትከታተይ፤ ራስሽን ታሳብጃለሽ። ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ «ኦክስጅኑ ዛሬ ስንት ፐርሰንት ላይ ነው? ትናንትስ?» እኔና አንቺ የምንተነፍሰው አየር 21 ፐርሰንቱ ኦክስጅን ነው። ማሽኑ ከዚያ ተነስቶ እስከ 100 መስጠት ይችላል። የገቡ ዕለት 100 ላይ ከነበሩ፣ ከዚያ 70፣ ከዚያ 50 ከሆነና አሁን ወደ 40 ከተጠጋ፣ ሳንባቸው እየተከፈተ ነው። 80 ላይ ቀናት ከቆየ ወይም ወደ ላይ ከተመለሰ ነገሩ ከብዷል። ሁለተኛ ቁጥር ካማረሽ «ፒፕ» የሚሉትን ጠይቂ፤ ትንፋሽ ሲወጣ ሳንባው ሙሉ በሙሉ እንዳይሟሽሽ የሚይዘው ግፊት ነው። 5 ዝቅተኛ ነው፤ 12 እና 14 ሲባል ሳንባው ብዙ እገዛ ይፈልጋል። ጣታቸው ላይ ያለው፣ የደማቸውን ኦክስጅን የሚለካው መቆንጠጫ 93 ወይም 94 ሲል ግን አትረበሺ። 92 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በአብዛኛው በቂ ነው፤ 100 ለማድረስ ኦክስጅን መጨመር የራሱ ጉዳት አለው።

የእኛ አካባቢ ሰው አንድ ሌላ ነገር ይላል፦ «ሐረር ደጋ ነው፣ ወደ ድሬ እናውርደው፣ ቆላ ላይ ይተነፍሳል።» ሐረር ከድሬ 600 ሜትር ያህል ከፍ ማለቷ እውነት ነው፣ አየሩም ትንሽ ይሳሳል። ማሽን ላይ ላለ ሰው ግን ያንን ልዩነት ኦክስጅኑን ጥቂት ፐርሰንት በመጨመር መሙላት ይቻላል። በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ቱቦ ያለበትን ሰው ማውረድ የሚያመጣው አደጋ ከዚያ ጥቅም ጋር አይወዳደርም።

ጩኸቱ፦ አብዛኛው ጊዜ ሳል ነው፣ ቱቦውን መንከስ ነው፣ አክታ ነው፣ የታጠፈ ላስቲክ ነው። ማሽኑ «ግፊቱ በዛ» ብሎ ይጮሃል፤ ሲስተሯ መጥታ አክታውን ስትመጥ ዝም ይላል። በጩኸቱ መሃል የአባትሽን ደረት ተመልከቺ። እየተነሳ እየወረደ ከሆነ ጊዜ አለ። ደረቱ ካልተነሳ ወይም ማሽኑን ከአፋቸው ቱቦ የሚያገናኘው ላስቲክ ተላቆ ካየሽ አትሸማቀቂ፣ ጮክ ብለሽ ተጣሪ።

የእጃቸው መታሰር እንዳሳዘነሽ ይገባኛል፤ ማንም ልጅ አባቱን እንዲያ ማየት አይፈልግም። እንቅልፍ የሚሰጠው መድኃኒት ቀለል ሲል ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ጉሮሮው ውስጥ ያለውን ባዕድ ነገር ነውና እጁ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል። ፊኛው እንደተነፋ ቱቦውን ሲመነጭቀው የድምፅ አውታሩን ሊጎዳ፣ ትንፋሹም እዚያው ሊቆም ይችላል። ቢሆንም የታሰረ እጅ ዘወትር ታስሮ መቆየት የለበትም። «እኔ እጃቸውን ይዤ እቆያለሁ፣ እስከዚያው ይፈታላቸው?» ብለሽ ጠይቂ፤ ብዙ ነርሶች ይፈቅዳሉ። በዚያው ጣቶቻቸው እንዳልቀዘቀዙና እንዳልጠቆሩ፣ ጨርቁ ቆዳቸውን እንዳልላጠው እዪ።

እንባው ሁለትም ሊሆን ይችላል። ዓይን በደንብ ሳይከደን ሲቀር ይደርቅና ያነባል፤ ነርሶቹ ቅባት የሚያደርጉት ለዚያ ነው። ድምፅሽን ሰምተው አልቅሰውም ይሆናል፤ ለይቼ ልነግርሽ አልችልም። ስለዚህ እንደሚሰሙ አድርገሽ አናግሪያቸው፣ አልጋቸው ሥርም ስለ ቀብርና ስለ ገንዘብ አትነጋገሩ። «አባ፣ እኔ ነኝ። ሐረር ሆስፒታል ነህ። ቱቦ ስላለብህ ነው መናገር ያቃተህ፤ ሲሻልህ ይወጣል። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ጠዋት ነው» በያቸው፤ በገባሽ ቁጥር ድገሚው። ሕመሙና መድኃኒቱ ቀንና ሌሊትን ያምታታሉ። በዚህ ሰዓት ሰው ነርሶቹ ሊገድሉት እንደመጡ፣ የሞተች እናቱ በር ላይ እንደቆመች ሊያይ ይችላል። እብደት አይደለም፤ የታወቀ ነገር ነው፣ በአብዛኛው ያልፋል። መነጽር ወይም የመስሚያ መሣሪያ ካላቸው አምጪላቸው።

ቤት ውስጥ የሚናገሩት ቋንቋ አማርኛ ካልሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ለነርሶቹ ንገሪ። አንድ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል፤ ሐኪሙ በአማርኛ «እጄን ይጨብጡ» እያለ ደጋግሞ ሲያዛቸው ፍዝዝ ብለው ያዩታል። «ትእዛዝ አይቀበልም» ተብሎ ካርዳቸው ላይ ተጻፈ። ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ገብታ በአፋን ኦሮሞ ስታናግራቸው እጇን ጭብጥ አደረጉ፣ ለቀቁ፣ ደግመው ጨበጡ። ቱቦ ለማውጣት ሲታሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አፋን ኦሮሞም ይሁን ሶማልኛ፣ ሐረሪም ይሁን አማርኛ፣ ልጅነታቸውን ያሳለፉበትን ቋንቋ አስቀድሙ።

ጠበልም ሆነ ዘምዘም በአፋቸው ጠብ እንዳታደርጉ። አንድ ማንኪያም ቢሆን ከፊኛው በላይ ተጠራቅሞ ወደ ሳንባ ሾልኮ ሊገባ ይችላል፤ ሳንባው ደግሞ የታመመው እሱ ነው። ነርሷን ጠይቃችሁ ግንባራቸውን ወይም እጃቸውን ማስነካት ይቻላል። ጸሎትም ቁርአንም በስልክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማሰማት መልካም ነው። ዕጣንና ጧፍ ግን ኦክስጅን ባለበት ክፍል በፍጹም፤ ኦክስጅን እሳትን ያቀጣጥላል።

ወደ ፊርማው ልምጣ። ትራኪዮስቶሚ ይባላል፤ ከማንቁርት በታች፣ የአንገት ፊት ለፊት ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ አጭር ቱቦ በቀጥታ ወደ አየር ቧንቧው ይገባል፣ የአፉ ቱቦ ይወጣል። ሰው ማሽን ላይ ገና እንደሚቆይ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይነሳል፤ ስለዚህ በዘጠነኛው ቀን መጠየቃችሁ የተለመደ ነው። ተስፋ ቆርጠው ነው ብላችሁ አታስቡ። እንዲያውም ኦክስጅኑ በጣም ከፍ ያለ ቢሆን ሐኪሞች ይህን ለሌላ ቀን ማቆየቱን ይመርጣሉ። ጥቅሙ የሚታይ ነው፦ አፋቸው ነጻ ይሆናል፣ ይጸዳል። ጉሮሮ ውስጥ እንዳለው ቱቦ ስለማያስጨንቅ የማስተኛ መድኃኒቱ ይቀነሳል፣ ይነቃሉ፣ ሊቀመጡ ይችላሉ። ማሽኑን እያላቀቁ መልሶ ማስገጠምም ይቀልላል። ጉዳትም አለው፦ ደም ሊፈስ፣ ቁስሉ ሊመረቅዝ፣ ቱቦው በአክታ ሊዘጋ ወይም ሊወልቅ ይችላል። ለዕድሜ ልክ አይደለም፤ ሲሻላቸው ቱቦው ይወጣና ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ራሱ ይዘጋል፣ ድምፃቸውም ይመለሳል።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ሦስት ነገር ጠይቄ እፈርም ነበር፦ ኦክስጅኑ እየወረደ ነው ወይ? ያለ ትራኪዮስቶሚ በሁለት በሦስት ቀን የሚወጣ ይመስላችኋል ወይ? ከተሠራ በኋላ ቀንና ሌሊት አክታ የሚመጥላቸው ማነው? ሦስተኛው እንዳይረሳ፤ አንገት ላይ ያለ ቱቦ ክትትሉ ካልጠበቀ ይዘጋል። እንደ ሕይወት ፋና ባለ የማስተማሪያ ሆስፒታል ጠዋት ራውንድ ላይ ጋዋን የለበሰ ብዙ ሰው አልጋውን ይከብባል። ጥያቄሽን መጀመሪያ ላገኘሽው ተማሪ ሳይሆን ራውንዱን ለሚመራው ሐኪም አቅርቢ፤ ከቤተሰቡም የሚጠይቀው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አምስት ሰው አምስት ጊዜ ጠይቆ አምስት መልስ ይዞ ሲመለስ ነው ቤት ውስጥ ጠብ የሚነሳው።

መብራቱን በተመለከተ፣ ፍርሃትሽ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ግን አብዛኞቹ የአይሲዩ ማሽኖች ዋናው መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሚያቆይ የራሳቸው ባትሪ አላቸው። ያም ካልሠራ አልጋው ራስጌ አምቡ ባግ የሚባል በእጅ የሚጨመቅ ፊኛ መኖር አለበት፤ ቱቦው ላይ ተገጥሞ ነርሷ እየጨመቀች ታስተነፍሳቸዋለች። ሰው በእጅ ብቻ መቆየት ይችላል ወይ ካልሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ላይ ከባድ የፖሊዮ ወረርሽኝ ሲነሳ ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም ልክ አሁን ፈርሙ እንዳሏችሁ ዓይነት ቀዳዳ በሕሙማኑ አንገት ላይ አስከፍቶ፣ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀመጡ ፊኛ በእጃቸው እየጨመቁ ለሳምንታት አስተንፍሰዋቸዋል። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ወንድምሽ ስለ አዲስ አበባ ያለውን ሳልሰማ አልልፍም፤ ሕመሙ እዚያ ብቻ የሚሠራ ሕክምና የሚጠይቅ ከሆነ መሄድ ተገቢ ነው። አባትሽ የሚያስፈልጋቸው ግን አንቲባዮቲክ፣ ማሽንና ጥንቃቄ ነው፤ እነዚህን እያገኙ ከሆነ መንገዱ ራሱ ሊገድላቸው ይችላል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው፦ 10 ሊትር የምትይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ሞልታ 1,500 ሊትር ኦክስጅን ይወጣታል። በደቂቃ 10 ሊትር ሲለቀቅ 150 ደቂቃ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ተኩል ትቆያለች። ጭሮ ሳትደርሱ አለቀች፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ተቀባዩ ሆስፒታል የአይሲዩ አልጋና ማሽን መያዙን በስልክ ከሐኪም ለሐኪም ሳያረጋግጥ፣ በአምቡላንሱ ውስጥ ቱቦ መልሶ ማስገባት የሚችል ባለሙያ ሳይኖር አትንቀሳቀሱ።

ወደ ቤት መውሰዱን ግን በግልጽ ላውራው፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚወስነው ነው። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው ቱቦው ወጥቶ ቤቱ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ሰዓታት ብቻ ነው፤ እሱም አየር እያጠረው። አጎትሽ «አታሰቃዩት» ሲሉ ከፍቅር ነው። ያ ሰዓት ከመጣ፣ ማለትም ሐኪሞቹ ሳንባውም ኩላሊቱም እየደከመ ነው፣ ማሽኑ ሞትን ከማዘግየት በቀር አይጠቅምም ካሏችሁ፣ ያኔም ቢሆን የትንፋሽ ማጠርን የሚያስታግስ ሞርፊን፣ የሃይማኖት አባት፣ አጠገባቸው የሚቀመጥ ቤተሰብ መጠየቅ ትችላላችሁ። የጻፍሽልኝ ግን ገና እዚያ የደረሰ ሰው ታሪክ አይመስልም።

ነገሩ በደህና ከሄደ የሚመጣው ይህ ነው። ጠዋት የማስተኛ መድኃኒቱ ይቆማል ወይም ይቀነሳል። ሲነቁና ኦክስጅኑ 40 አካባቢ ሲሆን ማሽኑ እገዛውን ቀንሶ ከ30 ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ራሳቸው እንዲተነፍሱ ይፈተናሉ። ፈተናውን አንድ ቀን ቢወድቁ ነገ ይደገማል፤ የተኛ ጡንቻ ነው፣ ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራማቸውም ጭምር፣ ማሽን ላይ በቆየ ቁጥር ይደክማል። ካለፉ፣ ማሳል ከቻሉና አክታቸው ካልበዛ ይላቀቃሉ። ቱቦ ከወጣላቸው ሰዎች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት መልሶ ይገባላቸዋል፤ ያኔ «ቸኮሉ» ብላችሁ ከሐኪሙ አትጣሉ። ከተላቀቁ በኋላ ድምፃቸው ይጎረንናል፣ ውሃ ይለምኑሻል። መዋጥ መቻላቸው ሳይታይ አትስጪ፤ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ አርጥቢላቸው፣ ይበቃል።

ጫቱን አዎ፣ መንገር ነበረባችሁ፤ አሁንም አልረፈደም። ድሬ ላይ ማንም አይፈርድባችሁም። በየቀኑ የሚቅም ሰው ድንገት ሲያቆም ሊፈዝ፣ ሊደበር፣ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ያንን የማያውቅ ሐኪም አንጎላቸው ተጎዳ ብሎ ሊያስብ ይችላል። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ከጫቱ ጋር የሚሄደው ነው። ሲጋራ ያጨሳሉ? ምርቃናው እንዲወርድና እንቅልፍ እንዲመጣ ማታ የሚወስዱት ክኒን አለ? ለጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን ለመስበር፣ የሚጠጡት መጠጥስ? መጠጥ ወይም የእንቅልፍ ክኒን በድንገት ሲቋረጥ መወራጨትና የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። አባትሽ ከጓደኞቻቸው ጋር ከሆነ የሚቅሙት፣ መጀመሪያ ለእነሱ ደውዪ፤ አንቺ የማታውቂውን እነሱ ያውቃሉ። የሚሉሽን ጽፈሽ፣ ምን፣ በቀን ምን ያህል፣ መጨረሻ መቼ የሚለውን ለይተሽ፣ ከማታው ፈረቃ በፊት ለተረኛው ሐኪም ስጪው።